ለአካባቢ የማይከብድ የወር አበባ መጠበቂያ አመራረጥ፦ ከውኃው፣ ከፀሐዩና ከቆሻሻው መሄጃ መነሳት

አንድ መቀስ፣ አንድ ያልተጠቀሙበት ሞዴስና አንድ ብርጭቆ ውኃ ይዘው ጠረጴዛ ዳር ቢቀመጡ፣ ስለዚህ ጉዳይ ከብዙ ማስታወቂያ የበለጠ ይማራሉ። ሞዴሱን በቁመቱ ሲሰነጥቁት በመጀመሪያ የሚያገኙት ገላ የሚነካውን ስስ ሽፋን ነው፤ ሲያዩት ጥጥ ይመስላል እንጂ በአብዛኛው ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊኢትሊን ከሚባሉ የፕላስቲክ ዓይነቶች የተሠራ ነው። ከሥሩ ያለው ነጭና ለስላሳ ሙሊት ከእንጨት የሚገኝ ቃጫ ሲሆን፣ በመካከሉ እንደ ስኳር የደቀቁ ፍሬዎች ተበትነውበታል። በፍሬዎቹ ላይ ጥቂት ውኃ ጠብ ቢያደርጉ ወዲያው አብጠው ዝልግልግ ይሆናሉ፤ እነዚህም ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦ የሚሠሩ ፈሳሽ መጣጮች ናቸው። ከታች ውኃ እንዳያሳልፍ የተደረገው ሽፋን ፕላስቲክ ነው፤ አንድ በአንድ የተጠቀለለበት ከረጢትም እንዲሁ። ሁሉንም አንድ ላይ ሰብስበው ሲያዩት፣ በእጅዎ ያለው ነገር የፌስታል የቅርብ ዘመድ መሆኑ ግልጽ ይሆንልዎታል።

ይህን የምለው ሞዴስን ለማጣጣል አይደለም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ማጽደቁ ይታወቃል፤ ፌስታልን ግን በዘንቢል መተካት ቀላል ነው። የወር አበባ መጠበቂያ የጤናና የክብር ጉዳይ ስለሆነ፣ ሌላ አማራጭ የሌላት ሴት ያገኘችውን ሞዴስ ያለ አንዳች ጸጸት ልትጠቀምበት ይገባል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚመለከተው የመምረጥ ዕድሉ ያላቸውን፣ ነገር ግን ከየት መጀመር እንዳለባቸው የተቸገሩትን ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ የልዩ ልዩ መጠበቂያዎችን ጫና ከጥሬ ዕቃው ጀምሮ እስከሚጣሉበት ድረስ ያነጻጸሩ ጥናቶችን መርምሮ፣ ከሁሉም ያነሰ ጫና ያለው ካፕ እየተባለ የሚጠራው የወር አበባ ኩባያ መሆኑን አስቀምጧል። ታጥቦ ደግሞ የሚያገለግለው የጨርቅ መጠበቂያ ግን እንደ አስተጣጠቡ የሚለያይ ሆኖ ተገኝቷል፤ በሙቅ ውኃ በማሽን ታጥቦ በኤሌክትሪክ ማድረቂያ የሚደርቅ ከሆነ ጥቅሙ ይቀንሳል፣ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ በአየር የሚደርቅ ከሆነ ደግሞ ይጨምራል። ለእኛ ይህ መልካም ዜና ሊመስል ይችላል፤ በእጅ ማጠብና ፀሐይ ላይ ማስጣት ልማዳችን ነውና። ችግሩ እንዲህ ያሉ ጥናቶች ቧንቧ ሲከፈት ውኃ እንደሚወርድና ቆሻሻ በሥርዓት እንደሚሰበሰብ አድርገው መነሳታቸው ነው። ስለዚህ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ሦስት ነገሮችን በራስዎ ቤት ይመልከቱ፦ ውኃው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? የታጠበ ነገር ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ አለ ወይ? የሚጣለውስ ከቤት ወጥቶ የት ይሄዳል? የማሸጊያው አረንጓዴ ቅጠል ከእነዚህ አንዱንም አይመልስም።

የሚጣለው የት ይሄዳል?

ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እርሱ ነውና። አንዲት ሴት በወር አበባዋ አምስት ቀናት በቀን አራት ሞዴስ ብትቀይር በወር 20፣ በዓመት 240፣ በአሥር ዓመት 2,400 ይሆናል። በአዲስ አበባ ይህ ሁሉ ከቤት ቆሻሻ ጋር ተቀላቅሎ በሰብሳቢ ማኅበራት እጅ ያልፍና፣ ለአሥርተ ዓመታት የመዲናዋ ጥራጊ ወደተከመረበት ወደ ረጲ፣ በተለመደ ስሙ ወደ ቆሼ ይሄዳል። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ይኸው ክምር ተደርምሶ ከ100 በላይ ሰዎችን መግደሉን የምናስታውስ ሁሉ፣ «ጣልኩት» ስንል ነገሩ ከዓይናችን ራቀ እንጂ ከምድር እንዳልጠፋ እናውቃለን።

ጉድጓድ መጸዳጃ ባለበት ቤትና ትምህርት ቤት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሞዴስ ጉድጓድ ውስጥ ሲጣል አይበሰብስም፤ ፈሳሹን መጦ ያብጥና ጉድጓዱን ያለ ጊዜው ይሞላዋል፤ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ሲመጣም ቱቦውን ይዘጋል። በውኃ የሚለቀቅ መጸዳጃ ውስጥ መጣልም የግቢውን ቧንቧ ከመዝጋት ሌላ ውጤት የለውም። ጓሮ ውስጥ ማቃጠልን እንደ መፍትሔ የሚቆጥሩ አሉ፤ ነገር ግን ርጥብ ፕላስቲክ በዝቅተኛ ሙቀት ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ መርዛማ በመሆኑ ምድጃ ዳር ወይም ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ሊደረግ አይገባም። ሞዴስ የሚጠቀሙ ከሆነ ትክክለኛው አጣጣል በወረቀት ጠቅልሎ፣ ፈጽሞ ጉድጓድ ውስጥ ሳይከቱ፣ ወደሚሰበሰበው ቆሻሻ ማስገባት ነው። ባለሱቁ በጋዜጣ ጠቅልሎ በጥቁር ፌስታል ቢሰጥዎ ፌስታሉን መልሰው ጋዜጣውን ቢያስቀሩ፣ ለዚሁ ያገለግልዎታል።

እዚህ ላይ «ባዮዲግሬደብል» ወይም «በስባሽ» ስለሚባሉት ምርቶች መናገር አስፈላጊ ነው። ከበቆሎ ስታርች የሚሠራ ፕላስቲክ በአብዛኛው የሚበሰብሰው ሙቀቱና ርጥበቱ በሚጠበቅበት የኮምፖስት ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ አየር በሌለው የቆሻሻ ክምር ወይም በጉድጓድ ውስጥ ግን ለረጅም ጊዜ ሳይበሰብስ ሊቆይ ይችላል። በዩጋንዳ የማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ ምሁር በነበሩት በሞሰስ ሙሳዚ የተፈለሰፈው፣ ከፓፒረስ ተክልና ከተጣለ ወረቀት የሚሠራው ማካፓድ እንደሚያሳየው፣ የመጣጩን ክፍል ከአገር በቀል ተክል መሥራት ይቻላል። ቢሆንም ማንኛውንም እንዲህ ያለ ምርት ሲገዙ የሚበሰብሰው የትኛው ክፍል እንደሆነ ይጠይቁ። «100 በመቶ ጥጥ» የሚለው ጽሑፍ የላይኛውን ሽፋን ብቻ ሊያመለክት ይችላል፤ የጀርባው ሽፋንና ሙጫው ካልተጠቀሱ ምርቱ በግማሹ ብቻ የተሻለ ነው። ሽቶ የተጨመረበትን ደግሞ፣ በስባሽ ይሁንም አይሁን፣ ባይገዙት ይመረጣል፤ ገላን ከማሳከክ በቀር የሚጨምረው ነገር የለም።

የጨርቅ መጠበቂያ፦ መግዛቱ ቀላል፣ ማድረቁ ከባድ

አያቶቻችን የሚጠቀሙት የሸማ ቁራጭ ለምድር ምንም ጉዳት አልነበረውም፤ ጉዳቱ ይደርስ የነበረው ሴትዮዋ ላይ ነው፣ ጨርቁን ደብቃ ታጥባ ደብቃ ታደርቅ ነበርና። የዘመኑ የጨርቅ መጠበቂያ ያሻሻለው ሦስት ነገር ነው፦ ውኃ የማያሳልፍ ጀርባ ጨመረለት፣ ከፓንት ጋር የሚቆለፍበት ክንፍ አበጀለት፣ ሳይጎረብጥ ቅርጹን እንዲጠብቅ አደረገው። በአገራችን በዚህ ሥራ ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ ናቸው፤ መቀሌ ላይ ማርያም ሳባ የተባለውን ፋብሪካ አቋቁመው ታጥቦ የሚያገለግል መጠበቂያ በማምረታቸውና ስለ ወር አበባ በግልጽ እንዲነገር በመትጋታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብለው ተመርጠዋል። በደንብ የተያዘ የጨርቅ መጠበቂያ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል፤ በዚህ ስሌት ስምንት መጠበቂያ የምትይዝ ሴት በአሥር ዓመት 40 ያህል ብቻ ትጠቀማለች፤ ከ2,400 ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱን ለማየት ሒሳብ ማወቅ አያስፈልግም።

ሲገዙ በእጅዎ ይፈትሹት። ገላ የሚነካው ገጽ ጥጥ መሆኑን ለመለየት ጣትዎን በውኃ አርጥበው ይንኩት፤ ጥጥ ብዙውን ጊዜ ቶሎ ይጠጣል፣ ሰው ሠራሹ ጨርቅ ግን ብዙውን ጊዜ ጠብታውን ለአፍታ ላዩ ላይ ያንከባልለዋል። አዲስ ጨርቅ ከፋብሪካ ቅባት ያዝላልና አንድ ሁለት ጊዜ ሳይታጠብ በሚገባ አይጠጣም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው አጠቃቀም በፊት ማጠብ ግዴታ ነው። ቤት ገብተው ካጠቡትና ካደረቁት በኋላ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውኃ ቀስ ብለው መካከሉ ላይ ያፍስሱና፣ ከሥሩ ሶፍት አንጥፈው በመዳፍዎ ይጫኑት። ሁለት ማንኪያው 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ብዙ ሴቶች በአንድ የወር አበባ ጊዜ በጠቅላላው የሚፈሳቸው ደም ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ስለሆነ፣ ይህን ፈተና ያለፈ መጠበቂያ ለሌሊትም ይበቃል። ሶፍቱ ከረጠበ ግን ጀርባው አያስተማምንም።

ከሁሉ በላይ የምመክረው ስፌቱን እንዲያዩ ነው። ብዙ ሰው ወፍራሙን ይመርጣል፤ እኔም መርጬ ነበር። የመጀመሪያው ክረምት ሲገባ ወፍራሞቹን መጠበቂያዎቼን አጥቤ፣ የጎረቤት ዓይን ፈርቼ በፎጣ ሸፍኜ ገመድ ላይ አሰጣኋቸው። በሦስተኛው ቀን ሳወርዳቸው ላያቸው ደርቆ ውስጣቸው ርጥብ ነበር፤ ሻግተው ስለነበር ሁለቱን ለመጣል ተገደድኩ። ጥፋቱ የጨርቁ ውፍረት ብቻ ሳይሆን የፎጣውም ነበር። ከሰኔ እስከ መስከረም ለሚጠቀሙበት፣ መጣጩ ክፍል እንደ መሐረብ ተዘርግቶ የሚታጠብና ሲደርቅ ታጥፎ በኪሱ የሚገባውን ዓይነት ይምረጡ፤ ስስ ሆኖ ስለሚሰጣ በአንድ የደመና ቀን ይደርቃል። ካልደረቀም የጥጡን ክፍል ብቻ ካውያ ይምቱት፤ ውኃ የማያሳልፈውን ጀርባ ግን ካውያ አያስነኩት፣ ይቀልጣል። ሙሉ በሙሉ ያልደረቀ ጨርቅ መልሶ መልበስ ለማሳከክና ለመቁሰል ስለሚዳርግ፣ ማድረቂያ ቦታ የሌላት ሴት የጨርቅ መጠበቂያ የተሻለ አካባቢያዊ ምርጫ ስለሆነ ብቻ ልትገዛው አይገባም።

አስተጣጠቡ እንዲህ ነው። የተቀየረው መጠበቂያ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይቀመጥና፣ ማታ በሳፋ ቀዝቃዛ ውኃ ግማሽ ሰዓት ይነከራል። ሙቅ ውኃ በመጀመሪያ ቢነካው ደሙ ጨርቁ ላይ ይጠበሳል፤ እድፉ የማይለቅባቸው ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ውኃ ወደ መጸዳጃ ይደፋል፤ ቀጥሎ በተራ የልብስ ሳሙና ታሽቶ ውኃው እስኪጠራ ይለቀለቃል። በረኪና የጨርቁን ክር ይበላዋል፤ የልብስ ማለስለሻ ደግሞ ጨርቁን በቅባት ሸፍኖ እንዳይጠጣ ያደርገዋል። ሦስት አራት መጠበቂያ ለማጠብ ለእኔ ግማሽ ጀሪካን ያህል ውኃ ይበቃኛል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን ይህ ግማሽ ጀሪካን ለአምስት ቀን በተከታታይ ያስፈልጋል፤ ውኃ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ ወይም በቦቴ የሚገዛ ከሆነ፣ ሒሳቡ ይቀየራል።

ውኃ ሲጠፋ፦ ኩባያው

ለውኃ ችግር የተሻለው መልስ፣ የሚገርመው ነገር፣ ብዙዎች መጨረሻ ላይ የሚያስቡት ኩባያው ነው። ለሕክምና ከሚያገለግል ሲሊከን የሚሠራ፣ ደወል የሚመስል ትንሽ ኩባያ ሲሆን፣ ተጣጥፎ ወደ ብልት ከገባ በኋላ ራሱን ዘርግቶ ደሙን ያጠራቅማል። እንደ መጠኑ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ቢበዛ እስከ 12 ሰዓት ሊቆይ ስለሚችል ጠዋት ከቤት ወጥታ ማታ የምትመለስ ሴት ንጹሕ መጸዳጃ ፍለጋ አትንከራተትም። በአግባቡ የተያዘ ኩባያ እስከ አሥር ዓመት ያገለግላል። ላንሴት ፐብሊክ ኸልዝ በተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመውና 43 ጥናቶችን የመረመረው ዳሰሳ፣ ኩባያው ከሌሎቹ መጠበቂያዎች እኩል ወይም ባነሰ ሁኔታ እንደሚያፈስና በአግባቡ ከተያዘ ደኅንነቱ አስተማማኝ እንደሆነ ደምድሟል፤ ለመልመድ ግን ጥቂት ወራት እንደሚወስድ በጥናቱ ተመልክቷል። በመጀመሪያው ወር ያፈሰሰባት ሴት ተስፋ ልትቆርጥ አይገባም፤ እስክትለምደው ድረስ ከሥር ስስ የጨርቅ መጠበቂያ ብትጨምር ይበጃል።

ሲመርጡ መጠኑን ያስቡ። በብልት ለወለደች ሴት በአብዛኛው ትልቁ፣ ላልወለደችና ለወጣት ደግሞ ትንሹ ይስማማል። ማሸጊያው ላይ ለሕክምና ከሚውል ሲሊከን መሠራቱ በግልጽ ያልተጻፈበትንና ኃይለኛ የጎማ ሽታ ያለውን አይግዙ፤ ከመንገድ ዳር ሳይሆን ከፋርማሲ መግዛትም የሚሻለው ለዚህ ነው። ሉፕ የሚባለውን በማኅፀን የሚቀመጥ የወሊድ መከላከያ ያስገባች ሴት ኩባያው ሲወጣ ሉፑን አብሮ ሊስበው ስለሚችል አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር። ስለ ድንግልናም በሹክሹክታ ብዙ ይጠየቃል፤ ኩባያው በብልት መግቢያ ያለውን ስስ ቆዳ ሊለጥጥ ወይም ሊሰነጥቅ ይችላል፤ ይህ ለጤና ጉዳት ባይሆንም፣ ጉዳዩ ለልጅቷ ወይም ለቤተሰቧ የሚያስጨንቅ ከሆነ በጨርቅ መቆየት ምንም ነውር የለበትም። ማንም ሌላ ሰው ሊወስንላት ግን አይገባም።

አያያዙ ቀላል ነው፤ ሁለት ነገር ብቻ ይፈልጋል፦ የታጠበ እጅና በወር አንድ ጊዜ የሚፈላ ውኃ። ሲያወጡት ጭራውን ከመሳብ ይልቅ ሥሩን ቆንጠጥ አድርገው አየር ያስገቡለት፤ አለበለዚያ ይመጥና ያሳምማል። ደሙን ደፍተው በጥቂት ንጹሕ ውኃ ያለቅልቁት፤ ውኃ በሌለበት መጸዳጃ በንጹሕ ሶፍት ጠርገው መልሰው ሊያስገቡት ይችላሉ። የወር አበባው ሲያበቃ ለዚሁ ብቻ በተለየ ድስት፣ ውኃው እንዲሸፍነው አድርገው ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ያፍሉት፤ ከዚያም አየር በሚያስገባ የጨርቅ ከረጢት እንጂ በታሸገ ፌስታል አያስቀምጡት። በዚህ አጋጣሚ ልናዘዝ፦ የመጀመሪያዬን ኩባያ ምድጃ ላይ ጥጄ የጎረቤቴ ቡና ሁለተኛው ላይ ደርሶ ኖሮ ተጠርቼ ሄድኩ፤ ስመለስ ድስቱ ደርቆ የአሥር ዓመት ቁጠባዬ ከሥሩ ተጣብቆ ነበር። ሲያፈሉት ከምድጃው አይራቁ።

ስለ ቀሩት በአጭሩ

ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ይዞት የሚመጣው የወር አበባ ፓንት ምቹ ነው፤ ነገር ግን ወፍራም በመሆኑ ለማድረቅ ከጨርቅ መጠበቂያም ያስቸግራል። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ላለች እኅትዎ ሲያዝዙ ፒፋስ የሚባሉት፣ በአካባቢ ውስጥ ለረጅም ዘመን የማይጠፉ ኬሚካሎች ያልተጨመሩበት መሆኑን እንድታረጋግጥ ይንገሯት፤ ቲንክስ በተባለው አሜሪካዊ አምራች ላይ በዚሁ ምክንያት የቀረበው የጋራ ክስ፣ ድርጅቱ ጥፋተኛ ነኝ ሳይል እ.ኤ.አ. በ2023 በገንዘብ ስምምነት ተቋጭቷል። «ፀረ ባክቴሪያ» የሚል ምልክት ያለበትንም፣ ብር በተባለው ማዕድን ብናኝ የተነከረ ሊሆን ስለሚችል፣ ባይመርጡት ይሻላል። ታምፖን በአገራችን ብዙም የማይዘወተር ከመሆኑም በላይ የሚጣል ዕቃ ነው፤ ከምርጫው ውጭ ባደርገው ብዙ የሚጎድል አይመስለኝም።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቀየር አያስፈልግም፤ እንዲያውም ብዙ ገንዘብ አውጥተው በሁለተኛው ወር የተዉትን አይቻለሁ። ሁለት የጨርቅ መጠበቂያ ብቻ ገዝተው ቤት በሚውሉበት ቀንና በሌሊት ይጀምሩ። ውኃው፣ ማድረቂያውና የራስዎ ትዕግሥት እንዴት እንደሚሆን በሁለት ወር ውስጥ ያውቁታል። ለመንገድ፣ ለለቅሶ ቤት ወይም ለረጅም ስብሰባ ሞዴስ ቢይዙ ስሌቱን አያፈርሰውም፤ በወር ከ20 ወደ አራት ዝቅ ማለት በራሱ በዓመት ወደ 190 የሚጠጋ ቆሻሻ ያስቀራል። መጠበቂያ በየአንድ ወይም በየሁለት ሰዓቱ የሚሞላባት ሴት ግን የምርት ምርጫውን ለጊዜው ትታ ወደ ሐኪም ትሂድ፤ ያ የደም መብዛት ምልክት ነው።

ያረጀው የጨርቅ መጠበቂያም ሲጣል እንደ ሞዴስ እንዳይሆን፣ ውኃ የማያሳልፈውን ጀርባና ቁልፎቹን በመቀስ ይለዩ። ቁልፎቹ ለአዲስ ሥራ ይሆናሉ፤ ጀርባው ወደሚሰበሰበው ቆሻሻ ይገባል፤ ጥጡ ግን በሚገባ ታጥቦ ከተፈላ በኋላ የጫማ መወልወያ ለመሆን ገና ብዙ ዕድሜ አለው።